ከጀልባ ያልወረደው ዶክተር

ዶክተር ይልቃል መሞቱን የነገረችኝ የድሮ ባልደረባችን ልጅ ናት። ስልክ ደውላ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ "እትዬ ዘነበች፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ" አለችኝ። ቆሜ ሰማሁት። የቀብሩ ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚያዘጋጁት ሰዎች እኔን እንደሚፈልጉኝ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት አብሬው ስለ ሠራሁ ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው እንደሌለ ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ወገቤን አሞኛል ብዬ ከዝግጅቱ የቀረሁትም ለዚሁ ነው።

ስለ ሟች ክፉ አይወራም ይባላል። ደግ ወግ ነው፤ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። ለይልቃል ግን ከሚገባው በላይ ጠቅሞታል ባይ ነኝ። በሕይወቱ ሳለ አንቱ እለው ነበር፤ በዕድሜም በሥልጣንም ይበልጠኝ ነበርና። አሁን ሁለቱም ቀርተውለታል። ከዚህ በኋላ እሱ እለዋለሁ።

በመጀመሪያ ዶክተር አልነበረም። ደርግ ለትምህርት ወደ ወዳጅ አገሮች ከላካቸው ወጣቶች አንዱ ነበር። እዚያ ምን እንደ ተማረ፣ ለምንስ ሳይጨርስ እንደ ተመለሰ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበለው የሄደው የኮሌጃችን ተላላኪ እንደ ደንቡ "እንኳን ደህና መጡ ዶክተር" ሲለው ዝም አለ። ያችን ዝምታ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በላባት። ማስረጃውን እናያለን ያለ ሰው አልነበረም፤ ደግሞስ ማን ይላል? በዚያ ዘመን አንዱ ሌላውን ማስረጃ ከጠየቀ ነገ ራሱ ይጠየቃል።

ከዚያ አገር ይዞት የመጣው ሦስት ነገር ነው፦ አመድማ የሱፍ ካፖርት፣ የሩቅ ማያ ባይኖኩላርና የወፍ መጽሐፍ። ካፖርቱን በባሕር ዳር ሙቀት ይለብሰዋል። ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ስለ በረዶ ያወራል። ባይኖኩላሩን ደግሞ ከአንገቱ አውልቆት አያውቅም። ለስብሰባ፣ ለለቅሶ ቤት፣ አንድ ጊዜም ለሠርግ አንጠልጥሎት መጥቷል። ሙሽራዋ "እኚህ ሰውዬ ምን ሊያዩ ነው?" ብላ ሚዜዋን ጠይቃ በሳቅ ፈርሰዋል። የመስተዋቱ ክዳን ተነሥቶ ያየሁበት ቀን ግን የለም። ጥቁሮቹ ክዳኖች እንደ ተከደኑ፣ ልክ ከፋብሪካ እንደ ወጡ ነበሩ።

መጽሐፉ የጉድ ነው። ወፍራም፣ ሥዕሎቹ የሚያምሩ፣ እኔ በማላነበው ቋንቋ የተጻፈ። ሥዕሎቹን ገልጬ ስመለከት ግን አንድም የማውቀው ወፍ ስለማላገኝ መጀመሪያ ራሴን ናቅሁ። ኋላ ነው የገባኝ፦ መጽሐፉ የዚያው የተማረበት አገር ወፎች መጽሐፍ ነው። በረዶ ላይ የሚኖሩ ወፎች ናቸው። ይልቃል በዚህ መጽሐፍ የጣናን ወፍ ይለይ ነበር። ተማሪ ያየውን ወፍ ሲነግረው በክብር ይገልጣል፤ ተቀራራቢ ቀለም ያለው ካገኘ "ይህ ነው፤ ብርድ ሸሽቶ የመጣ እንግዳ ነው" ይላል። ካላገኘ "ድንቢጥ ብለህ ጻፍ" ይላል። ብዙዎቹ የጣና ወፎች በእሱ ዘመን ወይ እንግዳ ወይ ድንቢጥ ሆነው ኖሩ። የሚመካባት አነጋገርም ነበረችው፦ "በመጽሐፍ የሌለ፣ በምድርም የለም።" ይህችን ሲል ጣቱን በመጽሐፉ ላይ መታ መታ ያደርጋል።

ፍትሕ ላድርግለትና አንድ በጎ ነገር ልናገር፤ የእጅ ጽሑፉ ያምር ነበር። የደብዳቤ ሰው ነው። ለወፍ ያልታደለ እጁ ለደብዳቤ የተፈጠረ ነበር። የሠራው ክፉ ነገር ሁሉም በዚያ ውብ ፊደል ነው የተሠራው።

ነገሬ የሚጀምረው ከዘጌ ጫካ ነው። ተማሪዎች ይዘን ወፍ ልናይ ሄደን፣ እሱ እንደ ልማዱ ከጀልባ ማረፊያው አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። እኔና ተማሪዎቹ ከቡናው ሥር ገባን። ድንገት ከእግራችን ሥር፣ ከጥሻው ውስጥ፣ እናቷ የጠፋችባት የፍየል ግልገል ጮኸች። ተማሪዎቹ ሳቁና ፍየሏን ፍለጋ ገቡ። ፍየል የለም። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። መቼም ትዕግሥት ከእናቴ የወረስሁት ብቸኛ ሀብት ነው። ቆይታ ወጣች፤ መዳፍ የማትሞላ ወፍ። ራሷና ሆዷ አመድማ፣ ክንፏ የቡና ቅጠል የመሰለ፣ ጭራዋ እንደ ተቆጣች ሴት ወደ ላይ የተቀሰረ። በደረቀው ቅጠል ላይ እንደ አይጥ ሽው ትልና ቁጥቋጦ ሥር ትደበቃለች። አፏን ስትከፍት ጉሮሮዋ ይንቀጠቀጣል፤ የሚወጣው ድምፅ የግልገል ነው። ስትረጋጋ ደግሞ ሁለት ጠጠር የሚያጋጭ ሰው ያለ ይመስል ቀጭ ቀጭ ትላለች። ጎጆዋን ከመሬት ብዙም ሳይርቅ፣ ያልተቀነጠሱ ቅጠሎችን በሸረሪት ድር ሰፍታ ትሠራዋለች። ወጥቼ ለይልቃል ስነግረው መጽሐፉን ገልጦ ገልጦ "የለችም" አለኝ። አሁን አይቻት መምጣቴን ስነግረው "ድንቢጥ ብለሽ ጻፊ" አለና መጽሐፉን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው ከአንድ የጣና ደሴት የገዳሙ መጋቢ ወደ ኮሌጃችን የመጡት። የደሴቱን ስም አልጠራውም፤ ሰዎቹ የሠሩት ነገር አንሶ ሳይሆን ጥፋቱ የእነሱ ስላልሆነ ነው። ያ ደሴት እንስት የማትገባበት ነው። ሴት ሰው ብቻ ሳትሆን ላምም፣ ዶሮም፣ ፍየልም አትገባም። ሥርዓቱ ከጥንት የመጣ ነው፤ መነኮሳቱም ከነፍሳቸው እኩል ይጠብቁታል።

መጋቢው ያመጡት ጉዳይ ይህ ነበር። አባ ገብረ ኢየሱስ የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ በደሴቱ ዳር፣ ከጥሻው ጥግ፣ ብቻቸውን ጎጆ አላቸው። ከዚያ ጥሻ የግልገል ጩኸት ይሰማል። ግልገል ካለ እናት አለች፤ እናት ካለች ሽማግሌው በምሥጢር ወተት ይጠጣሉ፤ ሥርዓት ፈርሷል። እሳቸው የሚሉት "ወፍ ናት" ብቻ ነው። አባ ቁጡ ሰው ናቸው፤ የቀድሞ ወታደር ነበሩ ይባላል፤ ከማኅበሩ ግማሹን ተቆጥተውታል። ስለዚህ የሚያምናቸው ጥቂት ነው። በሥርዓቱ ከተፈረደባቸው ከደሴቱ ይወጣሉ። ሽማግሌው ደግሞ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቆብ በጫኑበት ደሴት መቀበር። ጎጆአቸው አጠገብ የሚያርፉበትን ቦታ ራሳቸው ጠርገው ድንጋይ ከብበውበታል። አበምኔቱ ነገሩ ከብዷቸው፣ ስለ ወፍ የሚያውቅ ምሁር ይጠየቅ ብለው ነው መጋቢውን የላኳቸው።

እኔ እዚያው ብድግ ብዬ ወፍ እንደሆነች፣ አይቻትም እንደማውቅ ነገርኋቸው። መጋቢው ደስ ብሏቸው ፊታቸው ሲፈታ አይቻለሁ። ይልቃል ግን እጁን አነሣ። ያልታየ ነገር በሳይንስ አይመሰከርም፣ በቦታው ተገኝቼ አጣራለሁ አለ። ልክ ነበር፤ በሕይወቱ ልክ የተናገረባት ቀን እሷ ትመስለኛለች። በቦታው መገኘት ማለት ለእሱ ምን ማለት እንደ ሆነ ያወቅሁት ጀልባው ላይ ነው።

ነዳጅ በኩፖን በሚገኝበት ዘመን የኮሌጁን ጀልባ አስነሥተን ሄድን፤ ይልቃል፣ ጀልባ ነጂውና እኔ። እኔ ደሴቱን መርገጥ እንደማልችል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ወደቡ ድረስ ጀልባ ውስጥ ሆኖ መድረስ አይከለከልም። ይልቃል ካፖርቱን ለብሷል፤ ባይኖኩላሩን አንጠልጥሏል፤ ጫማውን ሊስትሮ ወልውሎለት እንደ መስተዋት ያበራል። ደሴቱ ስንደርስ ውኃው ጎድሎ በጀልባውና በደረቁ መሬት መካከል ደንገል የበቀለበት ጭቃ አለ። ልጅ በሁለት ዝላይ የሚሻገረው ጭቃ ነው።

አበምኔቱ ከመነኮሳት ጋር ወደ ውኃው ዳር ወርደው ቆመው ነበር። አባ ገብረ ኢየሱስ ከሌሎቹ ተለይተው፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ውስጥ አጣምረው ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ሐይቁ ያዩ ነበር። ለእንግዳ ቆሎ ቀረበ። ይልቃል ቆሎውን ጀልባ ውስጥ ተቀብሎ መቆርጠም ጀመረ። ጀልባ ነጂው ሳንቃ ላውርድልዎ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ እዚሁ እንሰማለን አለ። እውነትም ተሰማ። ከጥሻው፣ ከጎጆው ጀርባ፣ ግልገሏ ጮኸች። መነኮሳቱ እርስ በርስ ተያዩ። አባ ብቻ ሐይቁን ከማየት አልተመለሱም።

ይልቃል ቆሎውን ውጦ "ግልገል ናት" አለ። "ይህን ለመለየት እዚህ ድረስ መምጣትም አያስፈልግም ነበር።"

"ዶክተር፣ ይውረዱና ይዩዋት" አልሁት። "እኔ መውረድ አልችልም፤ እርስዎ ይችላሉ።"

ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። "ጭቃ ነው" አለኝ።

ሌላ ምክንያት አልጨመረም። ስለዚህ ሰው ሳስብ፣ መቼም ሁልጊዜ አስባለሁ፣ የሚመጣብኝ ይህ ነው። ካድሬ አስገድዶት አይደለም፤ ቂም ኖሮበትም አይደለም፤ መነኩሴውን ከዚያ በፊት አይቷቸው አያውቅም። ጫማው እንዳይቆሽሽ ነው። ሰው ለጥቅሙ ሲበድል ቢያንስ የሚፈልገው ነገር አለው። ለጫማ ቀለም ሲል የሽማግሌ መቃብር የሚነጥቅ ሰው ግን ምን ይባላል? ቃል አጥቼለታለሁ።

ያን ዕለት አፌን አልያዝሁም። ከጀልባው ላይ ቆሜ ለአበምኔቱ ጮኼ ተናገርሁ። ወፏ ምን እንደምትመስል፣ ከቁጥቋጦው ሥር የተሰፋ ቅጠል እንዲፈልጉ፣ እዚያ ውስጥ ጎጆዋን እንደሚያገኙ ነገርኋቸው። ፍየል ብትኖር ኖሮ በጠጥ ትጥል እንደነበር፣ ቅጠሉንም ጨርሳ ትበላው እንደነበር፣ በጠጧን አግኝታችሁ ከሆነ ንገሩኝ አልሁ። አንዱ መነኩሴ አለማግኘታቸውን መለሰ። ይልቃል "ሰውየው ይጠርጋላ" አለ። አበምኔቱ ረጋ ብለው ሰሙኝና እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ ላንቺ መግባት አልተፈቀደልሽም፤ ያላየሽውን ነው የምትነግሪኝ። እሳቸው ግን ተፈቅዶላቸው መጥተዋል። እሳቸው ይናገሩ።"

እሳቸውም ተናገሩ፤ ማግስቱን በዚያ በውብ እጃቸው። "በቦታው ተገኝተን ባደረግነው ሳይንሳዊ ምርመራ" ብሎ የሚጀምር፣ በክብ ማኅተም የተመታ ደብዳቤ። "በቦታው ተገኝተን" የምትለውን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ግን ወደ እንባ ስለተጠጋ ከቢሮው ወጣሁ። አባ ገብረ ኢየሱስ በሳምንቱ በደንገል ታንኳ ከደሴቱ ተሸኙ።

ነገሩን ዝም ብዬ አልተውሁትም። በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤቶች ሂስና ግለ ሂስ የሚሉት ስብሰባ ነበራቸው፤ ሰው ባልደረባውን በአደባባይ የሚወቅስበት፣ ከዚያ ራሱን የሚወቅስበት። ተነሥቼ ክፍል ኃላፊያችን ከጀልባ ሳይወርዱ በቦታው ተገኘሁ ብለው ጽፈዋል፣ ደብዳቤው ይሰረዝ አልሁ። ይልቃል አልተቆጣም፤ ተቆጥቶ አያውቅም። ክራቫቱን አስተካክሎ፣ "ጓድ ዘነበች ስለ አንድ መነኩሴ የቀብር ቦታ ሲጨነቁ የላብራቶሪው ማይክሮስኮፕ አቧራ ጠጥቷል። የገዳም ጉዳይ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስባቸው ጓዶች እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ" አለ። የዛሬ ልጆች ይህን ሲሰሙ ታዲያ ምን አለበት ይላሉ። እኛ ግን ገዳም ያሳስበዋል የተባለ ሰው በዚያ ዘመን ምን እንደሚያገኘው እናውቃለን። ያን ክረምት ስሜ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተላልፎ መሸንቲ ከረምሁ። ቅጣት ነው ያለኝ የለም። ለነገሩ መሸንቲ ደስ ይላል፤ እዚያ ያስተማርኋቸው ገበሬዎች ያላዩትን አየን አይሉም።

ስመለስ ነገሩ ተገልብጦ ጠበቀኝ። አባ ገብረ ኢየሱስ ከወጡ በኋላም ጥሻው መጮሁን አልተወም። ጎጆው ባዶ ነው፤ ግልገሏ ግን ትጮኻለች። መነኮሳቱ ጥሻውን ቢያስሱ በጠጥ የለ፣ ኮቴ የለ። በመጨረሻ አንዱ የተሰፋ ቅጠል አገኘ፤ ውስጡም ጫጩቶች ነበሩ። አበምኔቱ በጣም አዘኑ አሉ፤ ወዲያውም አባ ይመለሱ ብለው ሰው ላኩ። አባ ግን አልመለስም አሉ።

ሄጄ አየኋቸው። ከከተማው ወጣ ብላ፣ ሐይቁ ዳር፣ በጥሻ የተከበበች ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በግቢዋ ካሉት መቃብር ቤቶች በአንዱ ተጠግተው ነበር። ከደጃፉ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በምላጭ ይልጋሉ። ከበራቸው ላይ ደሴታቸው ትታያለች። ማን መሆኔን ስነግራቸው "ከጀልባው ላይ የጮህሽው ነሽ" አሉኝና እንድቀመጥ ድንጋይ ጠረጉልኝ።

"አባ፣ ይመለሱ ተብለዋል እኮ" አልኋቸው።

"ማን አለ?"

"አበምኔቱ ናቸዋ።"

"አበምኔቱ መቼ መሰከሩብኝ? የመሰከረብኝ ያ ባለ ማኅተሙ ነው። እንዲያው ና ተብዬ ብገባ፣ በድሎ ሳለ ምረውት ገባ ነው የሚባል። ያላጠፋሁትን ማሩኝ አልልም፣ ልጄ።" ምላጩን አስቀመጡ። "አንድ መስመር ይጻፍ። ተሳስቻለሁ ይበል። ያን ዕለት ታንኳ ባጣ ዋኝቼም እገባለሁ። መቃብሬን እኮ ጠርጌ ነው የመጣሁ።"

ግትር ሽማግሌ ናቸው ያለ ይበል። እኔ ግን ገብቶኛል። ደግሞስ የጠየቁት ምንድን ነው? አንድ መስመር። ጭቃ የሌለበት፣ ጫማ የማይቆሽሽበት፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ።

ጠዋት ይልቃል ቢሮ ገባሁ። ቢሮው ወደ ሐይቁ የሚያይ መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ሥር ቁጥቋጦ ነው። ጉዳዩን ለመንሁት። አዎ፣ ለመንሁት፤ ያን ሰው። መነኮሳቱ ጎጆዋን እንዳገኙ፣ ሽማግሌው እየደከሙ እንደሆነ፣ አንድ መስመር ብቻ እንደሚበቃ ነገርሁት። "አንድ መሥሪያ ቤት ጽፎ የሰጠው አይሰረዝም" አለኝ። "ደግሞም መጽሐፉን እንደገና አይቼዋለሁ። በመጽሐፍ የሌለ..." ሲል ከመስኮቱ ሥር ግልገሏ ጮኸች።

ማመን አቃተኝ። እዚያው፣ ከወንበሩ አጠገብ፣ ያቺው ወፍ። ስንት ዘመን ከጆሮው ሥር ኖራለች! ክንዱን ይዤ ወደ መስኮቱ ጎተትሁት። ቁልቁል አሳየሁት። ቁጥቋጦው ተነቃነቀ፤ የተቀሰረች ጭራ ብልጭ ብላ ጠፋች። ባይኖኩላሩን እንዲያነሣ ነገርሁት፤ ክዳኑን በገዛ እጄ ላነሣለት ስል እጄን በትሕትና ገለል አደረገው። ከዚያ መስኮቱን ዘጋ፤ ተቀምጦም ብዕሩን አወጣ። ሊጽፍ ነው አልሁ።

ጻፈም። በውብ ፊደሉ፣ ለግቢ ጥበቃ፦ በግቢው ውስጥ ፍየል ማሰማራት በጥብቅ የተከለከለ ነው።

ከዚያ ያለው ነገር ቢያስቅም በዚያን ጊዜ አላሳቀኝም። የጥበቃው ኃላፊ ጋሽ ወርቁ ይባላሉ። ሳምንቱን ሙሉ ዱላ ይዘው ከቢሮው ሥር ፍየል ሲያድኑ ሰነበቱ። ወፏ ትጮኻለች፤ ይልቃል መስኮቱን አንኳኩቶ ይጠቁማል፤ እሳቸው ቁጥቋጦው ውስጥ ይገባሉ፤ ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። በመጨረሻ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጋሽ ወርቁ ደግሞ ልጆች የሚያሳድጉ ሰው ናቸው፤ ስለ ወፍ ለመከራከር ጊዜም ፍላጎትም የላቸውም። ከጎረቤታቸው አንዲት ነጭ ፍየል ተውሰው መጡ። በጓሮ በኩል አስገቧት፤ ከዚያ ይልቃል መስኮት ፊት ለፊት እየጮኹባት፣ በዱላ መሬቱን እየደበደቡ፣ በዋናው በር አስወጧት።

ይልቃል አስጠራኝ። እንዲህ ተደስቶ አይቼው አላውቅም። "አየሽ?" አለኝ። "ይኸው ፍየሏ። ምሁር በስሜት አይመራም፣ በማስረጃ ነው።" ወዲያው ከመስኮቱ ሥር ወፏ ጮኸች። ፊቱ ለአንዲት አፍታ ተለዋወጠና ተመለሰ። "ዘበኛው ግልገሏን ረስቷታል" አለ።

ስወጣ ጋሽ ወርቁን በሩ ላይ አገኘኋቸው። "እንግዲህ ምን ላድርግ፣ እትዬ?" አሉኝ። "እኒህ ሰውዬ ፍየል ነው የፈለጉት፤ ፍየል ሰጠኋቸው።" አልፈረድሁባቸውም።

አባ ገብረ ኢየሱስ በቀጣዩ ክረምት፣ ጾመ ፍልሰታ ሲገባ፣ በመቃብር ቤቷ ውስጥ አረፉ። ሕመሙ እንደጠናባቸው ሰምተው ከደሴቱ መነኮሳት በታንኳ መጥተው ነበር፤ እንውሰድዎ ቢሏቸው ደብዳቤው መጥቷል ወይ ብለው ጠየቁ። አልመጣም። እዚያው ግቢ ጥግ፣ ከጥሻው አጠገብ ተቀበሩ። የጠረጉት ቦታ ደሴቱ ላይ ባዶውን ቀረ፤ ድንጋዮቹ ዛሬም እንዳሉ ናቸው ይባላል፤ እኔ ገብቼ አላይም። ለይልቃል ሞታቸውን የነገርሁት እኔ ነኝ። "እድሜአቸው የገፋ ነበር መቼም" አለና የባይኖኩላሩን ማንጠልጠያ አስተካከለ። እስከዚያ ቀን ንቄው ነበር የኖርሁት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላሁት።

መንግሥት ሲለወጥ ደረቱ ላይ የነበረችውን የፓርቲ ዓርማ ነቀለና ባይኖኩላሩን አስቀረ። ቱሪስት ሲመጣ የጣና ወፎች ሊቅ እየተባለ ንግግር ያደርግ ጀመር። የሚያጨበጭብለት አላጣም። ባይኖኩላሩ አዲስ ይመስል ስለነበር ሁሉም ያደንቅለት ነበር።

ከቀብሩ ግን አልቀረሁም። ወገቤ ለዚያ ደኅና ነበር። የቀበሩት ደግሞ የት መሰላችሁ? እዚያችው በጥሻ የተከበበች፣ ሐይቁ ዳር ያለች ቤተ ክርስቲያን። ቤተሰቡ የማያውቀው ነገር ነው፤ ለቤታቸው ቅርብ ስለሆነች ነው የመረጧት። ከአባ መቃብር ብዙም አይርቅም። ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ ተማሪዎቹ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የአበባ ጉንጉን፣ ጥቁር ልብስ፣ ጃንጥላ። ሣጥኑ ላይ ባይኖኩላሩ ተቀምጧል፤ ክዳኖቹ እንደ ተከደኑ።

አንድ ጎልማሳ የሕይወት ታሪኩን ያነብ ጀመር። ዶክተር ተባለ። የጣናን አእዋፍ በየደሴቱ እየዞሩ፣ ጫካ ለጫካ እየተንከራተቱ አጠኑ ተባለ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። እኔ አባ መቋሚያቸውን ሲልጉ ያየሁበትን ደጃፍ እያየሁ ቆሜያለሁ። አንባቢው "ለእውነት ያላቸው ፍቅር" ከሚለው ላይ ሲደርስ፣ ከአባ ገብረ ኢየሱስ መቃብር አጠገብ ካለው ጥሻ፣ እናቷ የጠፋችባት ግልገል ጮኸች።

አንባቢው አቋረጠ። እንደገና ሊጀምር ሲል እንደገና ጮኸች። ሰው ሁሉ ወደ ኋላው ዞረ። ቄሱ በዓይናቸው ጠቀሱና አንድ ዲያቆን ነጠላውን ሰብስቦ፣ ሊያስወጣት ወደ ጥሻው ገባ። ቅጠሉን ሲያነሣ፣ ጎንበስ ሲል፣ ግራ ተጋብቶ ቀና ሲል ይታያል። ከጎኔ የቆሙት ሴትዮ በእንባ የራሰ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"በዚህ ሰዓት!" አሉኝ። "የማን ግልገል ናት እሷ?"

"የዶክተሩ ናት" አልኋቸው።